የኤልዳና ግራ ተረከዝ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬ እስካሁን ክሊኒኩ ውስጥ ደም የወሰድኩበት ሰባት የሕፃን ተረከዝ። ሰባት ጩኸት። አንዱ አባት ልጁ ሲወጋ አይቶ ራሱን ሳተ፤ በር የሚሞላ ሰውዬ። ሕፃኑ ዝም ብሏል፣ አባትየውን ወለል ላይ አስተኝተን እግሩን ወንበር ላይ ሰቀልን። ሱፐርቫይዘሬ ፎርም አስሞላችኝ። እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ሳንድዊቼን ግማሽ እንዳደረስኩት ዳዊት ደወለ። ታናሽ ወንድሜ የምሳ ሰዓቴን አሳምሮ ያውቃል፤ የሚደውለው ግን ሲፈልገኝ ነው። ኤልዳና ቢጫ ሆናለች። ከተወለደች አምስተኛ ቀኗ። ሐኪሟ ቢጫ የሚያደርጋት ቢሊሩቢን በየቀኑ ይታይ ብሏል፤ በየቀኑ ተረከዝ፣ በየቀኑ ደም ማለት ነው። ሚስቱ ማህሌት ከቤት አልወጣም አለች። አራስ ነኝ፣ ምች ይመታኛል፣ ልጄንም የሰው ዓይን ያገኝብኛል። ሊያርሷት ከአዲስ አበባ አሜሪካ ድረስ የመጡት እናቷ ወ/ሮ አስካለም አይሞከርም ብለዋል። ስለዚህ እኔ። ዳዊት ያለው «እትዬ፣ አንቺ እያለሽልን» ነው።

ይህችን አነጋገር ምን ያህል እንደምጠላት አንተ ደብተር ታውቃለህ። ልጅ የላትም፣ ባሏን ፈታለች፣ ጊዜ አላት፣ መርፌ ታውቃለች። አንቺ እያለሽልን። ታክስ ሲሞላ፣ ሰው ከኤርፖርት ሲነሳ፣ የሞተ ሲቀበር። ሰው ቤት ሄዶ ደም መውሰድ በኛ ክሊኒክ ክልክል ነው። ነገርኩት። ዝም አለ። የሱን ዝምታ ከልጅነቱ ጀምሮ ችዬው አላውቅም።

እሺ አልኩ። የተረከዝ መውጊያዎቹን ላንሴቶች፣ ሚጢጢዎቹን ቡናማ ቱቦዎች፣ ጥጥ፣ ፋሻ ከክሊኒኩ መሳቢያ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ማንም አላየኝም።

ያው ቀን፣ ከሥራ በኋላ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ክሊኒኩ እነሱ ቤት አሌክሳንድሪያ፣ ደርሶ መልስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ። ወገቤ የለም።

ቤታቸው መጋረጃው ተዘግቷል፣ ማሞቂያው እስከ ጥጉ። ላብ አጠመቀኝ። ማህሌት ልጇ ስትወጋ ማየት አልችልም ብላ መኝታ ቤት ገባች። ዳዊት ክሪስታል ሲቲ ያለው ሆቴል ሥራ ላይ ነው። ሕፃኗን የያዙልኝ ወ/ሮ አስካለ ናቸው። ቀጭን፣ ጥያቄ የማያልቅባቸው ሴትዮ። ይሄ ምንድነው ልጄ፣ ያኛውስ፣ ያማታል ወይ።

ግራ ተረከዟ ላይ ከሆስፒታል የመጡ ሦስት ነጠብጣብ አሉ። ቀኙ ንጹሕ ነው። እግር ይቀያየራል፣ ሕጉ ነው፣ አንዱ ቦታ አይደጋገምም። ቀኟን ልይዝ ስል ወ/ሮ አስካለ በመዳፋቸው ሸፈኗት። ይቺኛዋን እንኳ ተዪላት፣ አንዲት ደህና እግር ትኑራት አሉኝ። አስረዳሁ። አቀርቅረው ሰሙኝ፤ እጃቸውን ግን አላነሱም። እናቴ ብትኖር እኩያዋ ናቸው። ምን ልበላቸው? በግራው፣ በውጭኛው ጎን ወጋሁ። ደሙ ጥሩ መጣ። ቱቦውን ብርሃን እንዳያገኘው በፎይል ጠቅልዬ ላቦራቶሪያችን ሳይዘጋ ደረስኩ። ኮምፒዩተሩ ደሙ የት ነው የተወሰደው ይላል። ክሊኒክ ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ቢሊሩቢኗ ከፍ ብሏል፤ ለሆስፒታል የሚያስተኛ ግን አይደለም። እንደገና ይለካ ተባለ። እንደገና ቤልትዌይ።

ዛሬም ግራ፣ በውስጠኛው ጎን። አሁን ስለ ቀኙ አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አላነሱም። ተግባብተናል። እግሯ ቀዝቃዛ ነበር፣ በሞቀ ጨርቅ በደንብ ሳላሞቅ ቸኮልኩ። ሁለት ጠብታ ወጥቶ ቆመ። ጨመቅሁ። መጨመቅ እንደሌለብኝ አውቃለሁ፣ ሰው አስተምሬአለሁ። ተረከዟ እስኪበልዝ ጨመቅሁ።

ላቦራቶሪው ውድቅ አደረገው። የደም ሴሎቹ ፈርሰዋል፣ ቁጥሩ አይታመንም፣ ድገሚ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ። እንደ ጀማሪ። ዳዊትን የላቦራቶሪው ማሽን ተበላሽቷል አልኩት። አፌ ላይ እንዴት እንደቀለለኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ይህን በደንብ ልጻፈው።

ግራ ተረከዟ ሁለቱም ጎን ጠቁሯል። የሚወጋ ቦታ የለም። እማማ፣ ዛሬ የግድ በቀኙ ነው አልኩ። ወ/ሮ አስካለ እንባቸው መጣ። ማህሌት ከመኝታ ቤት ሆና ምንድነው፣ ምን ሆነች እያለች ትጮሃለች። ዳዊት ዛሬ ቤት ነው። በቃ እትዬ ፊኒሽ አድርጊው አለኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። መጋረጃው እኮ ዝግ ነው፣ ምን እንደሚያይ እንጃ።

ተረከዝ የሚወጋው ከሥር፣ በሁለቱ ጎን ነው። ከኋላ፣ ጫማ የሚነካው ጥምዝ ላይ፣ በፍጹም። እዚያ ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት ነው። ይህን ተኝቼም እናገረዋለሁ።

በግራው፣ ከኋላ ወጋሁ።

ደሙ ፈሰሰ። ቱቦው በአንድ ጊዜ ሞላ። ወ/ሮ አስካለ እጅሽ ይባረክ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ማህሌት ወጥታ አቀፈችኝ። ዳዊት ምግብ ቋጠረልኝ። አንድ ጊዜ ነው፣ ምንም አይሆንም። ይሉኝታ ይዞኝ ነው ልበል? አንዲት አምስት ኪሎ እንኳ የማትሞላ ልጅ ላይ ይሉኝታ?

ምንም አይሆንም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ቢሊሩቢኗ ወርዷል! ከትናንት በስቲያ ሐኪሟ በቆዳ ላይ በሚለካው መሣሪያ አይቷት በቃ፣ ደም አያስፈልግም አለ። ቢጫዋም እየለቀቀ ነው።

ዳዊት ደወለ፤ ምሳ ሰዓቴ ያልሆነ ጊዜ። ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ አለኝ። ማህሌት ናት የመረጠችው። በሰማንያ ቀኗ፣ ዲሴምበር 20። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ማንም እናት ብሎኝ አያውቅም። ትንሽ ልደሰት፣ አንተም ዝም በል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ማህሌት ፎቶ ላከች። ግራ ተረከዝ፣ ከኋላ። ቀይ፣ ትንሽ ያበጠ። ይሄ ኖርማል ነው እትዬ ዘውዴ?

ለረጅም ጊዜ አየሁት። አጉልቼ፣ አሳንሼ። ከዚያ የበለዘው ሲሽር እንዲህ ያደርጋል፣ ለብ ያለ ጨርቅ አድርጊበት ብዬ ጻፍኩ። ልብ ላከችልኝ። ሦስት ቀይ ልብ።

የሕፃናት ሐኪሟ ይየው ማለት ነበረብኝ። የማላውቃት ሴት ብትጠይቀኝ እንዲያ ነው የምላት። ሐኪሙ ደግሞ ከኋላ ማን ወጋት ይላላ። ፈራሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ሥራ ላይ ሆኜ ዳዊት ሦስት ጊዜ ደወለ። ኤልዳና ግራ እግሯን አታንቀሳቅስም። ዳይፐር ሲቀየርላት እግሯ ሲነካ ትጮሃለች። ትኩሳት የላትም። ከተረከዟ መግል ወጣ። ወደ ኢመርጀንሲ እየሄድን ነው።

ማህሌት ከቤት ወጣች። ምቹን ረስታዋለች።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22፣ ሆስፒታል

ኢንፌክሽኑ የተረከዟ አጥንት ውስጥ ገብቷል። ኤምአርአይ አሳይቷል። ጠዋት ኦፐሬሽን ክፍል ወስደው መግሉን አጠቡት። ከእንግዲህ ለሳምንታት በደም ሥር አንቲባዮቲክ። ክንዷ ላይ ቀጭን ቱቦ ገብቷል። ሃያ አንድ ቀኗ ነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ለሕይወቷ አያሰጋም አለች። እግሯ ግን ገና አይታወቅም። ያ አጥንት የሚያድግበት ቦታ ከተነካ ስታድግ ተረከዟ ሊያንስ ይችላል፣ አካሄዷ ሊለይ ይችላል። መጠበቅ ነው።

ከዚያ ጥያቄ። ቁስሉ ላይ የተቀባ ነገር አለ? ማህሌት ወዲያው አዎ አለች። እናቴ በየቀኑ በቅቤ ታሻታለች፣ ከእግር እስከ ራሷ። እውነት ነው፣ ወ/ሮ አስካለ አንጥረው ይዘውት የመጡት ቅቤ ነው። ሐኪሟ ሊያባብስ ይችላል፣ ምክንያቱ ግን እሱ ነው ለማለት አልችልም፣ ከአሁን በኋላ አይቀባ አለች። ማህሌት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የሰማችው። ፊቷ ተለዋወጠ። አንድ የሚጠላ ሰው ያስፈልጋት ነበር፣ አገኘች።

ሐኪሟ ቀጠለች። ምልክቱ ከኋላ ነው፣ ደም ከዚህ አይወሰድም፣ ማን ነው የወሰደው? ዳዊት ወደኔ ሳያይ ክሊኒክ ነው አለ። ሥራዬን መጠበቁ ነው። የት እንደሚወጋ እሱ ምን ያውቃል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር፣ ከሥራ ልብሴ ሳልወጣ። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ወ/ሮ አስካለ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ምን አለች ልጄ ብለው እጄን ያዙ። ቅቤው ጥሩ አይደለም ነው ያለችው አልኳቸው። ይህን ብቻ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ማህሌት እናቷን አታናግርም። ሕፃኗንም አታስይዛቸውም። ወ/ሮ አስካለ በጠዋት ከዳዊት ጋር ይመጣሉ፣ ኮሪደር ላይ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። በሩ ሲከፈት ቀና ይላሉ። ሲዘጋ መልሰው ያቀረቅራሉ።

ትኬታቸው ተቀየረ። ለጃንዋሪ ነበር፣ አሁን ለኖቬምበር 8። ለክርስትናው አይኖሩም። ቪዛ ለማግኘት ሁለት ጊዜ ተከልክለው፣ በሦስተኛው ነው የመጡት።

እኔን ግን ማህሌት ስታየኝ ትነሳለች። ቁጥሮቹን እንዳስረዳት፣ መድኃኒቱን እንድመለከትላት፣ ነርሷ ልክ መሥራቷን እንድነግራት። አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር ትለኛለች። ልቤ ይደማል ብል ውሸት ነው። ከትናንት ጀምሮ ምግብ አይረጋልኝም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

የሥራ ዓመታዊ ፈተና። ኮምፒዩተሩ ላይ የሕፃን እግር ሥዕል ይመጣል፣ ደም የሚወሰድበትን ቦታ ምረጡ ይላል። ቀጥሎ፣ ፈጽሞ የማይወጋበትን ምረጡ። ቀጥሎ፣ የማይወጋበትን ምክንያት አብራሩ።

አብራራሁ። አጥንት ቅርብ ነው፣ ኢንፌክሽን ይገባል፣ እድገት ይጎዳል። መቶ ከመቶ። ሱፐርቫይዘሬ በሁሉም ፊት ስሜን ጠራች። አጨበጨቡ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ላንሴቶቹን ማንም አልቆጠረም። ክሊኒክ ብዬ የጻፍኩትን ማንም አላየም። ዝም ብል ማንም አይደርስብኝም። ይህን ማወቄ ነው የሚያስጠላኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ለወ/ሮ አስካለ ነገርኳቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ። አጥሚት በፔርሙስ ይዤላቸው ሄጄ ነበር፣ አልነኩትም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ወለሉን እያየሁ ተናገርኩ።

«እማማ፣ ቅቤው አይደለም። ተረከዟን ከኋላ ወግቻት ነው። እዚያ አይወጋም።»

ደንግጠው ያዩኛል ብዬ ስጠብቅ የፔርሙሱን ክዳን አጠበቁ።

«አውቃለሁ። እግሯን የያዝኩት እኔ አይደለሁ? የመጀመሪያ ቀን ከጎን ነበር የወጋሻት። ያን ዕለት ከኋላ ወግተሽ ቀና ብለሽ አላየሽኝም።»

ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ድምፄ ከፍ አለ፣ አንዲት ነርስ ዞር ብላ አየችን። ቀኟን የከለከልኩሽ እኔ ነኝ አሉ። ሁለታችንም ነን። ግን አንዳችን ከበቃን ለምን ሁለት ሰው ይቃጠላል። አስበውበታል፣ በኮሪደር ወንበር ላይ አሥር ቀን ሲቀመጡ ሌላ ምን ሥራ ነበራቸው።

«ማህሌት ልጄ ናት። ዓመት ታኮርፈኝና ትደውላለች። አንቺን ግን አትምርሽም። ደግሞ እንጀራሽ ነው፤ እኔ ምን ይቀርብኛል? ዝም በይ።»

ተቃወምኳቸው? አልተቃወምኩም። እጃቸውን ሳምኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ያለቀስኩት ከኀዘን አልነበረም። ቀለለኝ። ልጻፈው፣ ቀለለኝ። አንዲት አሮጊት ጥፋቴን ተሸክመው ሊሄዱልኝ ነው፣ እኔም ደስ አለኝ። አናንዴል ጋ ስደርስ ርቦኝ ቆሜ በላሁ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ምግቤ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ሦስት ቀን ደህና ተኛሁ። ሰው እንዴት ያለ ፍጡር ነው።

ዛሬ ከሥራ በኋላ ሆስፒታል። ኤልዳና ትንሽ ተሽሏታል፣ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች። ማህሌት ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ስእለት ገብታ እንደሆነ እንጃ። ዳዊት ስልኩን ይነካካል። ወ/ሮ አስካለ ቅዳሜ ነው የሚሄዱት ተብሎ ዛሬ ክፍሉ ውስጥ እንዲገቡ ተፈቅዶላቸዋል፣ በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ። ሕፃኗን ግን አይነኩም።

የክርስትናው ወሬ ተነሳ። ማን ይጠራ፣ ምግብ የት ይታዘዝ፣ ጌይተርስበርግ ያሉት የዳዊት ጓደኞች መምጣት ይችላሉ ወይ። ማህሌት በመሀል ወደኔ ዞራ፣ እናቷ እዚያው ተቀምጠው፣ እንዲህ አለች።

«እትዬ ዘውዴ፣ ሪሊ፣ አንቺ ባትኖሪ ልጄ አልቃ ነበር። የኔ እናት ኢግኖራንት ናት። ከእንግዲህ አንድም ልጄን አትነካብኝም፤ ደግሜ ብወልድም አትመጣም፣ ትሂድ።»

ዳዊት ከስልኩ ቀና አላለም። ወ/ሮ አስካለ ያችን የእንግሊዝኛ ስድብ፣ መሃይም ማለቷን፣ አያውቋትም፤ የቀረው ግን አማርኛ ነው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደኔ አዩና ዓይናቸውን በፍጥነት መለሱ። እንዳልናገር ነው የፈሩት። ለራሳቸው አይደለም የፈሩት፣ ለኔ ነው።

ዓመት አኩርፋ ትደውላለች ያሉት ልጅ ይቺ አይደለችም። እናት ስለሆኑ እንዲያ መሰላቸው። ማህሌት አትደውልም። እኔ አውቃታለሁ፣ ከአባቷ ጋር ስትጣላ እስኪሞት ድረስ አላናገረችውም፤ ቀብሩን በስልክ ቪዲዮ ነው ያየችው። እኔም ዲሴምበር 20 ነጭ ለብሼ፣ ልጅቷን ታቅፌ፣ እንደ ደህና ሰው እቆማለሁ? እናት ተብዬ?

አልችልም። ብችል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ተናገርኩ።

ዛሬ ሥራ አልገባሁም፣ አሞኛል አልኩ። አራታችንም ክፍሉ ውስጥ ነበርን፣ ከሕፃኗ ጋር አምስት። ቆሜ ነው የተናገርኩት፣ ብቀመጥ የምተወው መሰለኝ። በመኪና ውስጥ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ማህሌት፣ ቅቤው አይደለም፣ ከኋላ የወጋኋት እኔ ነኝ፣ አይወጋም፣ አውቅ ነበር፣ ፎቶውን ስትልኪም አውቄ ነበር አልኳት። ይኸው ነው፣ ሌላ አልጨመርኩም። ስለ ቀኙ እግር አላነሳሁም። ስለ ወ/ሮ አስካለ ማወቅም አልተናገርኩም።

ማህሌት የሕፃኗን እግር ገለጠች። ከዚያ አሳዪኝ አለች። ፋሻው በላዩ ነው ግን በጣቴ አሳየኋት፣ ሳልነካ። ታዲያ በሆስፒታሉ፣ ሐኪሟ ስትጠይቅ፣ አጠገቤ ቆመሽ ታውቂ ነበር አለችኝ። አዎ አልኳት። ዳዊት እትዬ አለ፣ አንድ ጊዜ፣ እንደ ልጅነቱ።

ከዚያ ያላሰብኩት መጣ። ማህሌት ወደ እናቷ ዞረች። እግሯን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ አይተሻል ወይ ብላ ጠየቀች። ወ/ሮ አስካለ ዋሽተው አያውቁም መሰለኝ፣ ወይም ደከማቸው። አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስጮህብሽ ዝም አልሽኝ? እንድጠላሽ ተውሽኝ?»

ማህሌት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ ከወለደች ጀምሮ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። ከዚያ የኤልዳናን የክንድ ቱቦ እየጠበቀች ከነብርድ ልብሷ አነሳቻትና እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። በጣም ቀስ ብላ። ወ/ሮ አስካለ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ጠፋባቸው፣ በመጨረሻ ከአንገቷ ሥር አስገቡት። እኔን ግን ማህሌት ሳታየኝ ውጪልኝ አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ ወ/ሮ አስካለን አየኋቸው። ተቆጥተውኛል። ይህን ያህል አስበው የሠሩትን አንድ ቃል ሳልጠይቃቸው አፈረስኩባቸው። ይቆጡ።

ዳዊት እስከ ሊፍቱ ሸኘኝ። ቁልፉን ተጭኖ ቆመ። ሥራሽስ አለኝ። አላውቅም አልኩት። ለአሁኑ እንዳትደውዪላት አለኝ፣ እኔ እደውልልሻለሁ። ሊፍቱ ሲመጣ ሳልገባ ተመለስኩ፣ ነርሶቹ ጋ ሄጄ ሐኪሟን አስጠራሁ። ስንት ጊዜ፣ የት፣ በየትኛው ላንሴት እንደወጋሁ፣ ምን ያህል እንደጨመቅሁ ሁሉንም ነገርኳት። ጻፈች። አላመሰገነችኝም፣ አልሰደበችኝም። ስሜን ፊደል በፊደል አስነገረችኝ።

የነገው ትኬት ይሰረዝ አይሰረዝ አላውቅም። መጠየቅ የኔ አይደለም። ክርስትና እናት ሌላ ፈልጉ ብዬ ለዳዊት ቴክስት አደረግሁለት። አንብቦታል። እግሯ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ መራመድ ስትጀምር ነው የሚታወቀው፤ እስከዚያ አንድ ዓመት አለ፣ እኔ ስትራመድ ላያት እችል እንደሆነ እንጃ።

ሰኞ በጠዋት፣ የመጀመሪያው ሕፃን ሳይገባ፣ ሱፐርቫይዘሬ ቢሮ እገባለሁ። ከመሳቢያው የወሰድኩትን፣ ኮምፒዩተሩ ላይ የዋሸሁትን፣ ያችን ልጅ የት እንደወጋኋት እነግራታለሁ። ካባረሩኝ ያባርሩኝ። የሥራ ፈቃዴን ከወሰዱ ይውሰዱ። ባያባርሩኝም ሕፃን አልወጋም። ይህን ዛሬ የጻፍኩት፣ እሑድ ማታ ላይ ሐሳቤን እንዳልቀይር ነው።